ኪም ኢል ሱንግ፦ ከፎገራ ሩዝ ጀርባ ያለው ሰውዬ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚኒባስ የሄደ ሰው ወረታ ሊደርስ ሲል የሚያየውን ሜዳ አይረሳውም። ክረምት ላይ ጉማራና ርብ ሞልተው ይፈስሱና ፎገራ ግማሹ ውሃ፣ ግማሹ አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴው ሩዝ ነው። እኛ ሩዝን እንደ ከተማ ሰው በሰሃን ብቻ አንበላውም፤ ከጤፍ ቀላቅለን እንጀራ እንጋግረዋለን፣ ጠላ እንጠምቅበታለን፣ ገለባው ለከብት ይሆናል። ባሕር ዳር ወይም ጎንደር የምትኖሩ ከሆነ ምናልባት ሳታውቁት በልታችሁታል።

ታዲያ ይሄ ሩዝ ከየት መጣ? ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት እያለሁ ስለ ፎገራ ሩዝ ገበያ የቡድን ሥራ ነበረን። መግቢያውን እንድጽፍ የተመደብኩት እኔ ነኝ፤ የወረታ ልጅ ስለሆንኩ አውቃለሁ ተብሎ። እንደማንኛውም ተማሪ ስልኬን አወጣሁ፣ የኢንተርኔት ኢንሳይክሎፒዲያውን ከፈትኩ፣ ከዚያም ከዚህም ለቃቀምኩ። ሩዝ በ1970ዎቹ መጀመሪያ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከሰሜን ኮሪያ በመጡ ባለሙያዎች ፎገራ ገባ ብዬ ጻፍኩ። መምህራችን ወረቀቱን ሲመልስልኝ እዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ በቀይ አክብቦ ጠየቀኝ። እንደ ፈረንጅ 1970ዎቹ መጀመሪያ ማለት እኮ ጃንሆይ ዙፋን ላይ ያሉበት ጊዜ ነው፤ ጃንሆይ ጦር ልከው የወጉትን አገር ባለሙያ ፎገራ ላይ ምን ሊያደርግ ጠሩት?

መልስ አልነበረኝም። ኢትዮጵያና ሰሜን ኮሪያ የዲፕሎማሲ ግንኙነት የጀመሩት እንደ ፈረንጅ በ1975፣ ደርግ ከመጣ በኋላ ነው። ሰሜን ኮሪያዎቹ ከዚያ በፊት ሊመጡ አይችሉም። የኔ ጥርጣሬ ስህተቱ ከቀን መቁጠሪያ የመጣ ነው የሚል ነው፤ አንድ ሰው የእኛን 1970ዎቹ ሳይቀይር ወደ እንግሊዝኛ ገለበጠው፣ ሌላው ከእሱ ቀዳ፣ እኔ ደግሞ ከሌላው። የእኛ 1970ዎቹ የፈረንጅ ከ1977 እስከ 1987 ነው። ይሄ ከሆነ ሁሉም ይገጥማል። ሩዙ የመጣው በደርግ ጊዜ ነው፤ ጅግናና ሻጋ በሚባሉት ቀበሌዎች የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ማሳ ላይ ነው የተዘራው። ዛሬም ድረስ ገበሬው የሚወደው ነጩ ዝርያ ኤክስ ጅግና ይባላል። (የሩቅ ሰው ጀግና እያለ ያነበዋል። ጅግና የቀበሌ ስም ነው።)

ያኔ ነው ሰዎቹን ስለላካቸው ሰውዬ ማንበብ የጀመርኩት። አንዷን ቀን ላስተካክል ብዬ ገብቼ ወር ፈጀብኝ። ምክንያቱም ስለ ኪም ኢል ሱንግ የተጻፈው ነገር እንደ ከፈታችሁት ገጽ የተለያየ ሰው ይሰጣችኋል። ከዚህ በኋላ የኮሪያውን ነገር በፈረንጅ፣ የእኛን በእኛ አቆጣጠር እየጻፍኩ ልቀጥል። አትምታቱ፣ እኔ ተምታትቼ ታይቷል።

ኪም የተወለደው ሚያዝያ 15 ቀን 1912 ፒዮንግያንግ አጠገብ ማንግዮንግዴ በምትባል መንደር ነው። ታይታኒክ የሰጠመችበት ዕለት ማለት ነው። ስሙ ኪም ሶንግ ጁ ነበር። ኮሪያ ያኔ የጃፓን ቅኝ ግዛት ከሆነች ገና ሁለት ዓመቷ ነው። ቤተሰቡ የፕሮቴስታንት ክርስቲያን ነበር፤ አባቱ የሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረ፣ የእናቱ አባት ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። በኋላ ቤተ ክርስቲያን የዘጋው ሰውዬ ልጅ ሆኖ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይሄድ ነበር።

ሰባት ስምንት ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ ድንበር ተሻግሮ ማንቹሪያ፣ ቻይና ገባ። በጃፓን አገዛዝ የተማረረው ኮሪያዊ በብዛት ወደዚያ ይሰደድ ነበር። አባቱ በ1926 ሞተ። ልጁ ጂሊን ከተማ የቻይና ትምህርት ቤት ገባ፤ እዚያ አንድ ኮሚኒስት የሥነ ጽሑፍ መምህር አጋጠመው፣ መጻሕፍት ተዋሰ፣ በ17 ዓመቱ ታሰረ። ከወራት በኋላ ሲፈታ ትምህርት ቀረ፤ መደበኛ ትምህርቱ በዚያ አበቃ። በ1931 የቻይና ኮሚኒስት ፓርቲ አባል ሆነ። ልብ በሉ፣ የቻይና ነው። የሰሜን ኮሪያ መጻሕፍት ይህችን ቃል አይወዷትም፤ በእነሱ ትረካ ሰውዬው ከመጀመሪያው የራሱን የኮሪያ አብዮታዊ ጦር ይመራል።

በ1930ዎቹ የሆነው ነገር ጠንካራ ታሪክ ነው፣ ማጋነን የማያስፈልገው። በማንቹሪያ ጫካ ከቻይኖች ጋር ሆኖ ጃፓንን ተዋጋ። በመካከሉ የራሱ ጓዶች ኮሪያውያንን የጃፓን ሰላይ ናችሁ እያሉ መግደል ጀምረው ነበር፤ እሱም ተጠርጥሮ ነበር፣ ተረፈ። እናቱ በ1932 ሞተች፣ ታናሽ ወንድሙ ጫካ ቀረ። ሰኔ 4 ቀን 1937 ሌሊት ድንበር ተሻግሮ ፖቾንቦ የምትባል ትንሽ ከተማ መታ። የፖሊስ ጣቢያውንና ፖስታ ቤቱን አቃጥለው ለጥቂት ሰዓት ይዘዋት ወጡ። በወታደራዊ ሚዛን ትንሽ ነገር ናት። ግን ኮሪያ ውስጥ ተስፋ በጠፋበት ጊዜ የሆነች ነገር ናትና የሴኡሉ ጋዜጣ ዶንግ አ ኢልቦ ዘገባት፣ ኪም ኢል ሱንግ የሚለው የትግል ስሙም አገር ውስጥ ተሰማ። ትርጉሙ ፀሐይ መሆን ማለት ነው።

ጃፓኖች ሲያጠብቁት በ1940 መጨረሻ ወደ ሶቪየት ኅብረት ተሻገረ። እስከ 1945 ድረስ ካባሮቭስክ አካባቢ በቀይ ጦር 88ኛ ብርጌድ ውስጥ ሻምበል ሆኖ የሻለቃ አዛዥ ነበር። ልጁ ኪም ጆንግ ኢልም የተወለደው እዚያው ነው። የሰሜኑ ትረካ ግን ልጁን ቅዱስ በሚባለው በፔክቱ ተራራ ላይ፣ በኮሪያ ምድር፣ ጫካ ውስጥ በእንጨት ቤት ያስወልደዋል። ቤቱንም ሠርተውታል፤ ይጎበኛል።

ጃፓን ስትሸነፍ ኪም ኮሪያን ነፃ እያወጣ አልነበረም። መስከረም 19 ቀን 1945 ፑጋቾቭ በሚባል የሶቪየት መርከብ ወንሳን ወደብ ደረሰ፤ አገሩን የያዘው የሶቪየት ጦር ነው። ጥቅምት 14 ፒዮንግያንግ ላይ በትልቅ ሰልፍ ለሕዝብ ቀረበ። ሕዝቡ የሚጠብቀው በነጭ ፈረስ ጃፓንን ያሸበረ ሽማግሌ ጄኔራል ነበር። መድረክ ላይ የወጣው ደግሞ የ33 ዓመት ወጣት። ይሄማ እሱ አይደለም የሚለው ወሬ የተነሳው ያኔውኑ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ከዚህች ቀን ሁለት ውሸት ተወልዷልና። አንዱ በሰሜን። የዚያ ሰልፍ ፎቶ አለ፤ ኪም ደረቱ ላይ የሶቪየት ሜዳሊያ አድርጎ፣ ከኋላው የሶቪየት መኮንኖች ቆመው። በኋላ ፒዮንግያንግ በምታሳትመው ፎቶ መኮንኖቹም ሜዳሊያውም የሉም። ሰውዬው ብቻውን ቀረ። ሌላው በደቡብ። በደቡብ ኮሪያ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ሰውዬው አስመሳይ ነው፣ የእውነተኛውን አርበኛ ስም የሰረቀ ነው የሚለው ትረካ በመንግሥት ድጋፍ ይነገር ነበር፣ ተማሪም ይማረው ነበር። ሁለቱ ውሸቶች በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ሁለቱም የማንቹሪያውን ተራ የሽምቅ ተዋጊ አይፈልጉትም። ለአንደኛው በጣም ትንሽ ነው፣ ለሌላኛው በጣም ትልቅ። የጃፓን ፖሊስ መዝገብና የቻይና ሰነዶች ተገላብጠው አጥኚዎች ሰውዬው ያው ራሱ መሆኑን እስኪያረጋግጡ ድረስ ብዙ ጊዜ አለፈ።

ድሮ ፎቶ ላይ ሰው የሚሰርዘው መንግሥት ነበር። በጣም የታወቀው ምሳሌ የሶቪየቶቹ ታላቁ ኢንሳይክሎፒዲያ ነው። የስታሊን የስለላ ሹም ቤርያ በ1953 ተይዞ ሲገደል፣ ስለ እሱ የሚያሞግሰው ገጽ አምስተኛው ቅጽ ላይ ታትሞ በየሰው ቤት ገብቶ ነበር። ምን አደረጉ? ለተመዝጋቢዎች ስለ ቤሪንግ ባሕር የሚያትቱ ተጨማሪ ገጾችን ላኩና የቤርያን ገጽ በመቀስ ወይ በምላጭ ቆርጣችሁ እነዚህን ለጥፉበት አሏቸው። ሰውዬው በባሕር ተተካ።

የኢንተርኔቱ ኢንሳይክሎፒዲያ እንደዚህ አይሠራም፤ የተሰረዘውም እዚያው ይቀመጣል። ገጹ ላይ ታሪክ የሚለውን ስትነኩ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደጨመረና እንዳጠፋ ዝርዝሩ ይመጣል። ውይይት የሚለው ላይ ደግሞ ጭቅጭቁ አለ። እኔ የኪምን ሕይወት ከዋናው ገጽ ይልቅ ከጭቅጭቁ ነው የተማርኩት ብል ማጋነን አይሆንም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የሰሜን ኮሪያ ሕዝብ ከአገር ውስጥ መረብ ውጪ ክፍት ኢንተርኔት የለውም። በደቡብ ኮሪያ ደግሞ ሰሜኑን ማሞገስ በብሔራዊ ደኅንነት ሕግ ያስከስሳል። ስለዚህ ሰውዬውን በቋንቋው ሊያውቁት ከሚችሉት ሰዎች ግማሹ ጭራሽ መጻፍ አይችሉም፣ የቀሩት አንዱን አቅጣጫ እየፈሩ ነው የሚጽፉት። የቀረውን የምንሞላው እኛ የሩቅ ሰዎች ነን፤ አንዱ አሜሪካን ስለሚጠላ ኪምን ይወዳል፣ ሌላው ኮሚኒዝምን ስለሚጠላ ሰይጣን ያደርገዋል።

ትናንሽ ቋንቋ ላይ ደግሞ ይብሳል። የክሮኤሺያው ዊኪፔዲያ ለዓመታት በጥቂት ብሔርተኛ አስተዳዳሪዎች እጅ ወድቆ የፋሺስቶቹን ወንጀል ሲያለሳልስ፣ የኮሚኒስቱን ዘመን ሲያጠቁር ኖሮ፣ ድርጅቱ ራሱ አስጠንቶ በ2021 ይፋ አድርጎታል። የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ ገጽ አለው፤ የአማርኛው 15 ሺህ ገደማ ነው። አምስት ሰው ተባብሮ ቢነሳ የእኛን ታሪክ እንዴት እንደሚያደርገው አስቡት። ስለ ደርግ፣ ስለ ኢሕአፓ፣ ስለ መኢሶን የሚጻፈው ሁሉ እዚያ ነው የሚገባው።

ወደ ሰውዬው እንመለስ። መጋቢት 1946 ላይ የመሬት አዋጅ ታወጀ፤ የባለርስቱ መሬት ያለ ካሣ ተወስዶ ለገበሬ ታደለ። (የእኛን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የሚያውቅ ሰው ይሄ ይገባዋል፤ ብዙ ገበሬ ከልቡ ደስ ብሎታል። ማኅበሩ በኋላ ነው የመጣው። ኮሪያም ላይ እንደዚያው ነው፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ የታደለው መሬት ሁሉ የጋራ እርሻ ሆነ።) መስከረም 9 ቀን 1948 ሰሜን ኮሪያ መንግሥት ሆነች፣ ኪም ጠቅላይ ሚኒስትሯ።

ሰኔ 25 ቀን 1950 ጦርነት ተነሳ። ማን ጀመረው? ፒዮንግያንግ እስከ ዛሬ ደቡቡና አሜሪካ ጀመሩት ትላለች። ሶቪየት ኅብረት ፈርሳ መዝገቡ ሲከፈት ግን ኪም ደቡቡን ልውረር ፍቀድልኝ ብሎ ስታሊንን ደጋግሞ እንደለመነ፣ በ1950 ጸደይ ሞስኮ ድረስ ሄዶ እሺታ እንዳገኘ ታየ። ሰነዶቹን በ1994 የሩሲያው ፕሬዝዳንት የልሲን ለደቡብ ኮሪያው ፕሬዝዳንት ሰጣቸው። ይሄ የተዘጋ ጉዳይ ነው። ሁለቱም ወገን የየራሱ አስተያየት አለው እያሉ እኩል ማስቀመጥ ሚዛናዊነት አይመስለኝም። በሌላ በኩል አሜሪካ ኮሪያ ላይ ከ6 መቶ ሺህ ቶን በላይ ቦምብ ማውረዷ፣ የሰሜን ከተሞች ድንጋይ በድንጋይ ላይ አለመቅረቱ ብዙ ቦታ በአንድ መስመር ነው የሚታለፈው። የሰሜን ኮሪያ ሰው ለምን አሜሪካን እንደሚጠላ ለማወቅ ፕሮፓጋንዳ አያስፈልግም፤ ያን ቦምብ ማስታወስ ይበቃል።

የኛ ሰዎችም ነበሩበት። ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ፑሳን ወርዶ ከኪም ጦርና ሊያግዘው ከመጣው ከቻይና ጦር ጋር ተዋጋ። ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ፣ አንድም ሰው አልተማረከም። የደቡብ ኮሪያ ሰው ኢትዮጵያዊ ሲያይ ይህን ያነሳል። ደርግ ሲመጣ ግን ቃኘው የማይነሳ ነገር ሆነ፤ ለኢምፔሪያሊስት የተዋጉ ተባሉ፣ ዘማቾቹ አንገታቸውን ደፍተው ኖሩ። ልብ ብላችሁ ከሆነ እዚህም ፎቶው ላይ ሰው ተሰርዟል።

ሐምሌ 27 ቀን 1953 ተኩስ ሲቆም ድንበሩ ከተነሳበት ብዙም አልራቀም። ኪም አሸነፍኩ አለ። ከዚያ ለሽንፈቱ ተጠያቂ ፈለገ። በመጀመሪያ የአገር ውስጥ ኮሚኒስቶቹን መሪ ፓክ ሆን ዮንግን የአሜሪካ ሰላይ ብሎ አስፈረደበት፤ ሞት። በ1956 ከሶቪየትና ከቻይና የመጡት ጓዶቹ በስብሰባ ሊተቹት ሲነሱ እነሱንም አንድ በአንድ ለቀማቸው። ከዚያ በኋላ የቀሩት የማንቹሪያ ጓደኞቹና ዘመዶቹ ናቸው። ሕዝቡ በአያት በቅድመ አያቱ ታማኝነት ተመዘነና በደረጃ ተከፋፈለ፤ አያትህ ባለርስት ከነበረ ወይም ወደ ደቡብ ከሸሸ ትምህርትህም፣ ሥራህም፣ ትዳርህም በዚያ ይወሰናል። የፖለቲካ እስረኞች ካምፖች ከነቤተሰብ ሰው ዋጡ።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሄን ሳልነካ ማለፍ አልችልም። እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ሰሜን ኮሪያ በነፍስ ወከፍ ከደቡቡ አታንስም ነበር። ደቡቡ ያኔ ደሃ ነበር። ይህን የሚጽፍ ሰው ወዲያው የኮሚኒስት ደጋፊ ይባላል፣ ግን እውነት ነው፤ ሰሜኑ ጃፓን የተወችው ከባድ ኢንዱስትሪና ኤሌክትሪክ፣ የሶቪየትና የቻይና እርዳታ፣ ማለዳ ተነስቶ የሚሠራ ሕዝብ ነበረው። ችግሩ ሌላ ነው። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ መንግሥቱ ቁጥር ማውጣት ተወ። ዕቅዱ ሁልጊዜ ከተባለው በላይ ተሳካ ይባላል፣ በስንት እንደሆነ አይነገርም። በ1970ዎቹ ከምዕራባውያን ማሽን በብድር ገዛና መክፈል አቃተው። ከስዊድን 1 ሺህ ቮልቮ መኪና ወስዶ ሳይከፍል ቀርቷል፤ ስዊድን ዛሬም ወለዱን እየቆጠረች ነው።

ቁጥሩ ሲጠፋ ሐውልቱ በዛ። በ1972 ለ60ኛ ልደቱ ፒዮንግያንግ ላይ 20 ሜትር ገደማ የሚሆን ሐውልት ቆመለት። አንገቱ ላይ ከኋላ በቀኝ በኩል ትልቅ እባጭ ነበረበት፤ የመንግሥት ፎቶ አንሺዎች በዚያ በኩል እንዳያነሱት ይጠነቀቁ ነበር። አንድ ሙሉ አገር ሰውዬውን በአንድ ጎኑ ብቻ አየው።

ኢትዮጵያ የምትገባው እዚህ ጋ ነው። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ፒዮንግያንግን ጎብኝቶ በሰልፉ፣ በሥርዓቱ፣ እንደ አንድ ሰው በሚንቀሳቀሰው ሕዝብ እንደተማረከ የዘመኑ ባለሥልጣን የነበሩ ሰዎች ጽፈዋል። መስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር፣ ኢሠፓ ሲመሠረት፣ አዲስ አበባ በቅስትና በቀይ ጨርቅ ስታሸበርቅ እጃቸው ነበረበት። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ያለው፣ ቀይ ኮከብ ያለበት 50 ሜትሩ የትግላችን ሐውልት የሰሜን ኮሪያ ቀራጮች ሥራ ነው። ወሎ ላይ ሰው በረሃብ እየሞተ ነበር ያኔ። ፎቶ የሚነሱበት ሙሽሮች አብዛኞቹ ይህን የሚያውቁት አይመስለኝም።

የሰሜን ኮሪያ ሌላው ሥራ ደግሞ ሐውልት የሌለው ነው። ጅግናና ሻጋ።

ፎገራ ክረምት ሲሆን ውሃ ይተኛበታል። ገበሬው ያን መሬት ለከብት ይተወው ነበር፣ የፎገራ ላም ዝናዋ ከዚያ ነው፤ ውሃው ሲሸሽ በእርጥበቱ ጓያና ሽምብራ ይዘራል። ሩዝ ግን ውሃውን ራሱን ይፈልገዋል። ኮሪያዎቹ ያዩት ይህንን ነው። የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ እኔ ጋሼ ነው የምለው፣ ያኔ ልጅ እግር ሆኖ የማኅበር አባል ነበር። ስለ ማኅበሩ ስታነሱበት ፊቱ ይጠቁራል። በሬው የጋራ ሆነ፣ ሥራው በነጥብ ተቆጠረ፣ የሠራውም ያልሠራውም እኩል ወሰደ ይላል። ስለ ሩዙ ስታነሱበት ደግሞ ይስቃል፤ ጭቃ ውስጥ አጎንብሰው የሚውሉትን ሰዎች መጀመሪያ ያበዱ መስሎት ነበር። ሁለቱም ስሜት አንድ ሰው ውስጥ አለ። ማኅበሩን አልወደደውም፣ ዘሩን ወደደው።

በ1982 ዓ.ም. መንግሥቱ ቅይጥ ኢኮኖሚ ብሎ ሲያውጅ ማኅበራቱ በወራት ውስጥ ፈረሱ። በሬ በየቤቱ ተመለሰ፣ መሬቱ ተከፋፈለ። ዘሩ ግን ገበሬው እጅ ቀረ፤ ለጎረቤት ተዋሰ፣ ተሸጠ፣ ግብርና ቢሮም አስፋፋው። ዛሬ ወረታ ላይ የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ። እዚያ በምርምሩ የሚያግዘው የማን አገር ድርጅት እንደሆነ ታውቃላችሁ? የጃፓን። ኪም ዕድሜውን ሙሉ የተዋጋው አገር፣ እሱ ባስላከው ሩዝ ላይ ይሠራል። ሰውዬው ይህን ቢሰማ ምን እንደሚል አላውቅም፣ እኔ ግን ደስ ይለኛል።

ባለፈው ዓመት ያቺን የ1970ዎቹን ስህተት ላርም ብዬ ኢንሳይክሎፒዲያው ላይ ገባሁ። ስለ ጅግናና ሻጋ፣ ስለ ኮሪያዎቹም ሁለት ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ። ቀናት ሳይቆይ አንዱ መጥቶ ምንጭ ያስፈልጋል የሚል ምልክት ለጠፈበት። ልክ ነው፤ ደንቡ የታተመና የሚታመን ምንጭ ይላል፣ የራስህን ምርመራ አይቀበልም። ደንቡን አልቃወምም፤ ደንቡ ባይኖር የክሮኤሺያው ዓይነት ሁላችንም ላይ ይደርሳል። ቀኑን የሚያስተካክል ጥናታዊ ጽሑፍ ፈልጌ አገኘሁና እሱ ቆመ። ስለ ማኅበሩ የጻፍኩት ግን ወጣ፤ ምንጩ ጋሼ ነበርና። ኪም ማተሚያ ቤት ነበረው፣ ስለ ራሱ ስምንት ቅጽ ትዝታ አሳትሟል፣ ያንን ጠቅሶ መጻፍ ይቻላል። ያ ጭቃ ውስጥ የገባው ገበሬ የሚጠቀስ ገጽ የለውም። ይሄ ማንም ሆን ብሎ ያመጣው አድልዎ አይደለም፣ ግን አድልዎ ነው። ስለዚህ በዕረፍት ቀኔ ስልኬን ይዤ ጅግናና ሻጋ እየሄድኩ የሽማግሌዎችን ድምፅ መቅዳት ጀምሬያለሁ፤ አንድ ቀን የሚያትመው ሰው ቢገኝ።

ኪም የሞተው ሐምሌ 8 ቀን 1994 ነው፣ በልብ ድካም፣ በ82 ዓመቱ። ቀብሩ ላይ ሰው በመንገድ ዳር እየወደቀ አለቀሰ፤ ስንቱ ከልቡ፣ ስንቱ እየታየ ስለሆነ፣ ማንም በቁጥር ሊያስቀምጠው አይችልም። ወዲያው ከሱ በኋላ ረሃብ መጣ፤ የሟቾቹ ግምት ከጥቂት መቶ ሺህ እስከ 3 ሚሊዮን ይደርሳል። ብዙ ሰው ረሃቡን በልጁ ያሳብባል። እርሻውን በማዳበሪያና በነዳጅ እርዳታ ላይ የተከለው፣ ቁጥር የደበቀው፣ ገበያ የከለከለው ግን አባትየው ነው። ሶቪየት ስትወድቅ እርዳታው ቆመ። ለእኛ የሩዝ ዘር የላከ አገር ሩዝ አጣ። በ1998 የሞተውን ሰውዬ ዘላለማዊ ፕሬዝዳንት አሉት።

ሐምሌ 8 በእኛ ሐምሌ 1 ቀን 1986 ዓ.ም. ነው። ቀረጻ ላይ ለጋሼ ነገርኩት፤ ሩዙን የላኩት ሰዎች መሪ በዚያ ቀን ነው የሞተው አልኩት። ጥቂት አሰበ። ሐምሌ ከገባማ አረም ላይ ነበርን፣ ሬዲዮም አልሰማን አለኝ።